የካፑቺኖች መዛግብትና ቅርሶች በሐረርና በድሬ፦ ሥራው ከየት ይጀመር?

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለቤቱ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ካገለገሉባቸው የአካባቢያችን ቁምስናዎች (የካቶሊክ አጥቢያዎች) በአንዱ የቆዩ መዛግብትን እናደራጅ ብለን ጥቂት ልጆች ተሰባስበናል። ቆሞሱም (የቁምስናው አለቃ ካህን) ፈቅደውልናል። ቁምሳጥኑ ሲከፈት ብዙ ነገር አገኘን። የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዛግብት አሉ። በሲባጎ የታሰሩ ደብዳቤዎች አሉ። የቅዳሴ አልባሳት አሉ፣ የመስታወት ኔጋቲቭ የተደረደረበት የእንጨት ሣጥን አለ። አንድ ቡናማ የመነኩሴ ቀሚስም ከነገመዱ ተቀምጧል። ገመዱ ሦስት ቋጠሮ አለው፤ ድህነት፣ ንጽሕናና ታዛዥነት።

ከመዝገቡ አንድ ገጽ ልንገራችሁ። የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። ቀለሙ ድሮ ጥቁር ነበር፣ አሁን ዝገት መስሏል። ጸሐፊው ብዕሩን ጫን ባደረገበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ወረቀቱን በልቶት ፊደሉ ቀዳዳ ሆኗል። የሕፃኑ ስም አለ፣ የእናቱ ስም አለ፣ በአባት ቦታ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። የክርስትና አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነው። ኅዳጉ ላይ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ቀለም፣ ያ ሕፃን አድጎ ጅቡቲ ማግባቱ ተጨምሯል። ይህን ሰው በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ያለው እዚህ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ገጹ ደግሞ መሃሉ ተቀዶ አንድ ሰው ፕላስተር ለጥፎበታል። ፕላስተሩ ደርቆ ሊረግፍ ነው፣ ሙጫው ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል።

ያማከርነው ሰው ሁሉ «ሙዚየም ክፈቱ» ይለናል። ሐሳቡ ደስ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ዝርዝር ይሠራ ባይ ነኝ። ምን እንዳለን የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ የለንም። ነገ አንዱ ዕቃ ቢጠፋ ጠፋ ብሎ የሚጮህ አይኖርም፤ መኖሩን ማን አውቆ? እናንተ ምን ትላላችሁ?

---

ታሪክ አስተማሪ (ሐረር)

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። የምትነካው ነገር ስንት ታሪክ እንደተሸከመ ልጆቹ እንዲያውቁት ትንሽ ልበል።

የካፑቺን ማኅበር ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተሰብ ነው፤ በሮም የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1528 ነው። ወደኛ አገር ያመጣቸው የ1846ቱ ሹመት ነው። በዚያ ዓመት ጉልየልሞ ማሳያ በኦሮሞ ምድር ለሚቋቋመው ሚሲዮን ሐዋርያዊ እንደራሴ (የሚሲዮን አገር ጳጳስ) ሆነው ተሾሙ። ያገራችን ሰው አባ ማስያስ የሚላቸው እሳቸውን ነው። ፈንጣጣ ይከትቡ ስለነበር «የፈንጣጣ አባት» ተብለዋል። በ1879 ዐፄ ዮሐንስ ከአገር አስወጧቸው። ኋላ ትዝታቸውን በ12 ቅጽ ሲጽፉት ማስታወሻዎቻቸው በእስርና በስደት ጠፍተው ስለነበር አብዛኛውን ያወጡት ከጭንቅላታቸው ነው። ወረቀት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ከሚሲዮኑ መሥራች ጀምሮ ታይቷል ማለት ነው።

ካፑቺኖቹ ሐረር የገቡት ግብፆች ከተማዋን በያዙበት ዘመን (1875–1885) ነው። ፈረንሳዊው አቡነ ታውሪን ካኛ መሠረቱን ጣሉ። ከ1900 ጀምሮ ሚሲዮኑን የመሩት አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው፤ የራስ መኰንን ወዳጅ። ልጅ ተፈሪን ያስተማሩት አባ ሳሙኤልም ከዚሁ ሚሲዮን የወጡ ኢትዮጵያዊ ናቸው። በ1915 ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲሰጥም ተፈሪ ተረፉ፣ አባ ሳሙኤል ሞቱ። ስለ እሳቸው ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ፈረንሳዮቹ እንዲወጡ ተደረገ፣ በቦታቸው የጣሊያን ካፑቺኖች ገቡ። አቡነ እንድርያስ ዕድሜያቸውን ከጨረሱበት አገር ወጥተው በ1941 ቱሉዝ ዐረፉ። ይህን ያነሣሁት ለሥራችሁ ስለሚጠቅም ነው። መዝገቡ መሃል ላይ ከፈረንሳይኛ ወደ ጣሊያንኛ ሊዞርባችሁ ይችላል። ፈረንሳዩ የአንዱን ኦሮሞ ስም በጆሮው እንደሰማው በራሱ አጻጻፍ ጻፈው፤ ጣሊያኑ መጥቶ ያንኑ ስም በሌላ አጻጻፍ ጻፈው። ካልተጠነቀቃችሁ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይሆንባችኋል። በዝርዝራችሁ ስሙን መዝገቡ ላይ እንዳለ ገልብጡ፣ ከጎኑ በፊደላችን እንደሚነበበው ጻፉ። ቀኑም በፈረንጅ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ የፈረንጁን አትሰርዙ።

---

አቦ ድሬ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

አቦ ይህን ክር ወደድኩት! ሰው ካፑቺን ሲባል ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ብቻ ነው የሚታየው። ማተሚያ ቤቱን አትርሱት።

ሐረር ላይ የቅዱስ እንጦንስን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማእከል ያቋቋሙት እነሱ ናቸው። ማተሚያውም ከዚያው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስሙ የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት። «ለ ስሜር ዴትዮፒ» የሚባል የፈረንሳይኛ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1905 ሐረር ላይ ጀመረ። ማተሚያው ወደ ድሬ ሲወርድ ጋዜጣውም አብሮ ወረደ፣ እስከ 1914 ቆየ። ባቡሩ እዚህ በ1902 ደርሶ ከተማዋ ገና ስትቆረቆር ማለት ነው። የሚሲዮናዊው ባቴማን ትልቁ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላትም በ1929 የታተመው እዚሁ ድሬ ነው። ዛሬ ስንቱ የድሬ ልጅ ያውቃል?

እና ቁምሳጥኑ ውስጥ የእርሳስ ፊደል፣ የታተመ ካላንደር፣ የጸሎት በራሪ ወረቀት ካያችሁ «ይህ ተራ ነው» ብላችሁ እንዳትጥሉ። ቤታቸው ከዚያ ማተሚያ የወጣ ነገር ያላቸው አሮጊትና ሽማግሌዎችም አሉ። ጠይቋቸው። ውሰዱባቸው አላልኩም፣ ቤታቸው ቁጭ ብላችሁ ፎቶ አንሡ።

---

ከሩቅ የሚያይ

ላስቀይማችሁ አልፈልግም ግን ልናገር። ዋናውን ለማኅበሩ ማእከል ወደ ሮም ላኩት፣ እናንተ ኮፒ ይበቃችኋል። እዚያ ሙቀቱ የተስተካከለ ክፍል አለ፣ ባለሙያ አለ። ድሬ ላይ 35 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ምስጥ እየጠበቃችሁ ቅርስ እንጠብቃለን ማለት ያሳዝነኛል። የምለው ተቆርቋሪ ሆኜ ነው።

---

የጁገል ልጅ (ሐረር)

ከሩቅ የሚያይ፣ መቆርቆርህን አልጠራጠርም። ግን አልስማማም።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጁገል (በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር) ውስጥ ነው ያደግኩት። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ የሐረር ሽማግሌ ካገኘህ የት ተማርክ በለው፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ሚሲዮን ነው። ስለዚህ ይህ ታሪክ የካቶሊኮች ብቻ አይደለም፣ የኛም ነው።

ምስጥ አለ ብለህ መጽሐፍ ከአገር ካወጣህ ሐረር ላይ አንድ መጽሐፍ ባልቀረ ነበር። የአብዱላሂ አሊ ሸሪፍን ሙዚየም ሄደህ እይ። ቁርኣኑን፣ የፍቅሁን (የእስልምና ሕግ) መጽሐፍ፣ ሳንቲሙን፣ ጌጡን ከየቤቱ እየሰበሰቡ ነው እዚያ ያደረሱት። የተቦጫጨቀውን መጽሐፍ በጥንቱ የሐረር አጠራረዝ መልሰው ይጠርዙታል፤ ቆዳው ላይ የሚታተመውን ጌጥ ሳይቀር። ይህ ሁሉ የሆነው እዚሁ፣ በዚሁ አየር ነው። ወላሂ፣ እነ የከዚራ ጥላ አንድ ቀን ሄደው ሥራውን ቁጭ ብለው ቢያዩት ብዙ ይማራሉ።

ደግሞ ሮም የሄደውን ዶክመንት አንድ የሐረር ተማሪ በምን ቪዛ ሄዶ ያየዋል? ሐረር ኖሮ የነበረውን የፈረንሳዊውን የሬምቦን ዱካ ፍለጋ ፈረንጅ በየዓመቱ ይመጣል፣ ስለ አንድ ገጣሚ ብሎ ከተማውን ያስሳል። የኛ ልጅ የገዛ አያቱን ስም ለማየት ባሕር መሻገር የለበትም።

---

ታሪክ አስተማሪ (ሐረር)

የጁገል ልጅ ባለው ላይ ልጨምር። የወጣው እኮ ወጥቷል። ፈረንሳይ ያሉ የካፑቺን መዛግብት አሉ፣ ሮም የማኅበሩ ጠቅላይ መዝገብ ቤት አለ፣ ሮም አጠገብ ፍራስካቲ፣ አባ ማስያስ በተቀበሩበት ገዳም በስማቸው የኢትዮጵያ ሙዚየም አለ። ለአለቆች የተላከው ደብዳቤና ሪፖርት እዚያ ተቀምጧል። እዚህ የቀረው የሕዝቡ ስም ነው። ተጠማቂው፣ ተጋቢው፣ የሞተው። ይህ ከሄደ ለከተማው ምን ቀረው?

ኮፒ ወደ ውጭ ይሂድ ካላችሁ ግን እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ የተደረገው እንዲሁ ነበር። ዋናው በየደብሩና በየገዳሙ ቀረ፣ ፊልሙ አዲስ አበባና ሚኔሶታ ባለው የቤኔዲክታውያን ገዳም ተቀመጠ። ኋላ ዋናው የጠፋበት ብራና ፊልሙ ተርፎለታል። እናንተም በዚያው መንገድ ሂዱ። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

---

ወረቀት ጠጋኝ (አዲስ አበባ፣ ትውልድ ሐረር)

ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የከዚራ ጥላ፣ ያ ዝገት የመሰለው ቀለም ከብረትና ከታኒን የሚሠራ የድሮ ቀለም ነው። በውስጡ አሲድ አለው፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ወረቀቱን ይበላል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በእንፋሎት መተኮስ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ፈጽሞ የለም። ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ከጥራዙ ወደ ውጭ አቧራውን ብቻ አራግፉ። በልቶ የቀደደውን ገጽ አትግለጡት፣ ከላይና ከታች ንጹሕ ነጭ ወረቀት አድርጉና ለባለሙያ አቆዩት። ፕላስተሩንም አትንቀሉት። የወረቀቱን ገጽ ይዞ ይነሣል።

ላሚኔት ለማድረግ የሚያስብ ካለ እባካችሁ አስቁሙልኝ። አንዴ በፕላስቲክ ታሽጎ በሙቀት የተጠበሰ ወረቀት ተመልሶ አይወጣም። ስንት መዝገብ በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁ፣ ያደረጉት ሰዎች ደግሞ ሁሉም ለመጠበቅ ብለው ነው።

ነፍሳቱን በተመለከተ። ፍሊት መጽሐፉ ላይ አትንፉ። ናፍታሊን ለወረቀቱም ለሳንባችሁም አይበጅም። ድሬ የኒም ዛፍ ስለሞላ ቅጠሉን በየገጹ መሃል ማስገባት የሚወድ ሰው አለ፤ ቅጠሉ ገጹን ያቆሽሻል፣ ሲደርቅም ራሱ የነፍሳት ምግብ ይሆናል። የሚሠራው ቀላሉ ነገር ነው። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ራቅ፣ ከመሬት ከፍ አድርጉት። በየሳምንቱ ከሥሩ ጥረጉ። የእንጨት ብናኝ የመሰለ ዱቄት ካያችሁ ያ መጽሐፍ ከሌሎቹ ይለይ። ተባይ ያለበትን በፕላስቲክ አየር እንዳይገባ ጠቅልሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይገድላቸዋል። ግን መብራት የማይሄድበት ቦታ ካላችሁ ብቻ ነው። ቀዝቅዞ፣ ቀልጦ፣ ደግሞ ቢቀዘቅዝ ከተባዩ የባሰ ጉዳት ነው።

የመስታወት ኔጋቲቩ ይለያል። ፍሪዘር አያውቅም። ሁለት ገጽ አለው፤ የሚያብለጨልጨው መስታወቱ ነው፣ ደብዘዝ ያለው ምስሉ ያለበት ነው። ደብዛዛውን በጣትም በውሃም አትንኩ። በጠርዙ ያዙት። እያንዳንዱን በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ በረጅሙ ጎኑ አቁሙት። ተነባብሮ ከተኛ የላዩ ክብደት የታችኛውን ይሰነጥቀዋል። የተሰበረ ካለ ስብርባሪውን አትጣሉ፣ ምስሉ አሁንም እዚያ ላይ ነው።

አልባሳቱን ላውንደሪ እንዳትሰጡ። ወርቀ ዘቦ ያለበት ሐር በውሃ ያልቃል። ታጥቦ ሙጫው የለቀቀ ነጭ አቡጀዲ ግዙ። እሱ ለሁሉም ይሆናል። ልብሱም ይጠቀለልበታል፣ መጽሐፉም ይጠቀለልበታል። አሲድ የሌለው ካርቶን እስኪገኝ ድረስ አቡጀዲ ከጋዜጣና ከፌስታል ሺህ ጊዜ ይሻላል።

---

ደቻቱ ማዶ (ድሬዳዋ)

እኔ አንድ ነገር ብቻ። በእኛ አቆጣጠር የ1998ቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው መዝገብ ምድር ቤት አያስቀምጥም። የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ነው የመጣው፣ ከ200 ሰው በላይ ወሰደብን። ሰዎቻችንን እየፈለግን ስለ ወረቀት የሚያስብ አልነበረም፣ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ ቀድማችሁ አስቡ። ከፍ ያለ ፎቅ ላይ አውጡት። የትኛው ሣጥን መጀመሪያ ይውጣ የሚለውም በር ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። ቁልፍ የያዘው ሰው ባይኖር ማን እንደሚከፍትም ይታወቅ።

---

አባ ዘቁምስና

ልጆቼ፣ በርቱ። ከቤተ ክርስቲያን ሕግ በኩል የሚያስፈልጋችሁን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ባለቤቱን ለዩ። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ የቁምስናው ነው። የቤቱ የዕለት ማስታወሻ፣ ያረፉ ወንድሞች የሙታን መጽሐፍ፣ ከማኅበሩ አለቆች የመጣ ደብዳቤ የካፑቺን ማኅበር ነው። ለብዙ ዘመን ቆሞሱም ጳጳሱም ካፑቺን ስለነበሩ ሁለቱ በአንድ ቁምሳጥን ተደባልቀው ኖረዋል። ሁለቱም ወገን ሳይፈርሙ ምንም አታንቀሳቅሱ። ኋላ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ቀኖና 535 የቆዩ መዛግብት በጥንቃቄ እንዲጠበቁ ያዛል። ያ ኅዳግ ላይ ያያችሁት የጋብቻ ጽሑፍም ከዚሁ ሥርዓት የመጣ ነው፤ የተጠመቀ ሰው የትም ቢያገባ ወሬው ወደ ተጠመቀበት መዝገብ ይመለሳል። ስለዚህ ስትገለብጡ ኅዳጉን አትዝለሉ። የሀገረ ስብከት መዝገብ ቤት ደግሞ በቁልፍ ይዘጋል፣ ሰነድም ያለ ፈቃድ ከዚያ አይወጣም። «ቤቴ ወስጄ ስካን ላድርገው» የሚል ካለ፣ አይሆንም። ማንሻውን እዚያው አምጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ስም ያለበት መዝገብ ካገኛችሁ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በዚህ ከተማ አሉ። የአባት ስም ባልተጻፈበት ጥምቀትም እንዲሁ። መጠበቅ ማለት መዝገቡንም የሰዎቹንም ክብር ነው።

---

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

አባ፣ ስለ ምክርዎ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሌሎቻችሁም ተባረኩ። ወረቀት ጠጋኝ፣ ልጆቹ የጻፍከውን አትመው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል።

ከቆሞሱ ጋር ተነጋግረን የተስማማነው ይህን ነው። ቁምሳጥኑ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። ከማኅበሩና ከሀገረ ስብከቱ የፊርማ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ እናጸዳለን፣ እንዘረዝራለን፣ ሌላ ነገር አንነካም። ፎቶ የምናነሣው በስልክ ነው፤ ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን፣ መዝገቡን እያንዳንዱ ገጽ በሚፈቅደው ልክ ብቻ ገልጠን። ኮፒው በሁለት ሃርድ ዲስክ ይሆናል፣ አንዱ ሐረር ይቀመጣል። ስለ ሙዚየሙ ያለኝ ሐሳብ አልተለወጠም፤ ከዝርዝሩ በኋላ ይደርሳል።

የቸገረን ኔጋቲቩ ነው። በነጭ የስልክ ስክሪን ላይ አድርገን ስናየው የሰዎች ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። መነኮሳቱ መሃል ተቀምጠዋል፣ ልጆች ቆመዋል፣ ከኋላ የድንጋይ ግንብ አለ። ስም ግን የለም። ማንን እንጠይቅ?

---

እትዬ ከቀፊራ

እኔን ጠይቁኛ። ሚሲዮን ቤት ከሲስተሮቹ ጋር ነው ጥልፍ የተማርኩት። ዓይኔ ደክሟል ግን ፊት አልረሳም። ፎቶውን በትልቁ አሳጥቡና አምጡልኝ። ከኔ የሚበልጡ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፣ አብረን ቁጭ ብለን እናያለን። ሰው ሲሞት ስሙንም ይዞ ይሄዳልና እንዳትዘገዩ። ስትመጡም ቡና አለ።

---

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልን። በዚህ ቅዳሜ ከሰዓት እንመጣለን።

ዝርዝሩን ለመጀመር ያሰብነው ቅጽ ይህ ነው፦ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ቋንቋው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የማን እንደሆነ፣ የጉዳቱ መጠን፣ ያለበት መደርደሪያ። ቁጥሩን መጽሐፉ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ልብሱ ላይ ደግሞ በሚሰፋ ጨርቅ እናደርጋለን። የቀረ ነገር አለ?

---

ታሪክ አስተማሪ (ሐረር)

«ማን ነገረን» የሚል አምድ ጨምሩ። እትዬ አንዱን ፊት ካወቁት ስማቸውና ቀኑ እዚያ ይግባ። ሁለት ሰው የተለያየ ስም ከሰጣችሁም ሁለቱንም ጻፉ፣ አንዱን አትምረጡ።

---

አቦ ድሬ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

እኔም ቅዳሜ አለሁ። ሞተሬን ይዤ እመጣለሁ፣ አቡጀዲውን ከታይዋን ገበያ የምገዛው እኔ ነኝ። ስንት ሜትር ይበቃል?

---

ወረቀት ጠጋኝ (አዲስ አበባ፣ ትውልድ ሐረር)

በ20 ሜትር ጀምሩ። ቀለም ያልተነከረ፣ ነጭ መሆኑን እይ። ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ ማለስለሻ አትጨምሩበት።